ማይተር ሶህ 90 አልቆርጥ ሲል፣ ብሎን ከመንካትህ በፊት

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት ወንድሜ። ባጭሩ ያልከው እንዲ ነው፦ ያገለገለ ባለ 10 ኢንች ተንሸራታች ማይተር ሶ (ሞተርና ዲስክ ያለበት ጭንቅላቱ ከላይ ወርዶ ጣውላ በማዕዘን የሚቆርጥ መጋዝ) ገዛሁ፣ 90 ላይ አድርጌ ቆርጬ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) ሳስጠጋበት ብርሃን ያሳልፋል፣ 45 ቆርጬ ፍሬም ስገጥም ሦስቱ ማዕዘን እሺ ብለው አራተኛው አፉን ይከፍታል፣ ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ ላላ ጠበቅ አድርጌ ጭራሽ ባሰበት፣ በዛ ላይ ያለ ስቶፕ (ያለ ጫፍ ማቆሚያ) ስቆርጥ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ተፈናጥራ ጆሮዬ ስር አልፋ ግድግዳ መታችና ከዛ ወዲህ ስዊቹን መጫን ፈራሁ፣ ማስተካከሉን ላስቀድም ወይስ ደህንነቱን?

ሁለቱን ለይተህ ማየትህ ነው ያስቸገረህ። በዚህ ማሽን ላይ ማዕዘን የሚያበላሸውም ቁራጭ የሚወረውረውም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፣ ዲስኩ እየቆረጠ ሳለ እንጨቱ ከቦታው መንቀሳቀሱ ነው። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ስኳድራህ ላይ ብርሃን ታያለህ፣ ብዙ ሲንቀሳቀስ ግድግዳህ ላይ ድምፅ ትሰማለህ። ስለዚ አንድ ላይ ነው የምንሄደው፣ ግን በቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም አንተ የጀመርከው ከመጨረሻው ነው። የማስተካከያ ብሎን የሚነካው ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ስፒናውን ንቀል። ስዊቹን ማጥፋት ሳይሆን ስፒናውን ከሶኬት አውጥተህ ገመዱን ዓይንህ የሚያየው ቦታ ባንኮው ላይ አስቀምጠው። እኔ ስፒናውን ራሱ ከማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ እጄን ወደ ዲስኩ ስሰድ ስፒናውን እያየሁት ነው ማለት ነው። ከዚ በታች የምነግርህ ማስተካከል በሙሉ ተነቅሎ ነው የሚሰራው፣ የሙከራ ቆረጣ ስትቆርጥ ብቻ ትሰካለህ፣ ቆርጠህ ስትጨርስ መልሰህ ትነቅላለህ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ይሁን።

አሁን ዲስኩን እይ። ያገለገለ ማሽን ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደገጠመበት አታውቅም። ለማይተር ሶ የሚሆን ዲስክ የጥርሱ ዝንባሌ (ጥርሱ ወደሚዞርበት አቅጣጫ የሚያዘነብልበት ዲግሪ) ወደ ዜሮ የቀረበ ወይ ከዜሮ በታች የሆነ ነው፣ ቢበዛ 5 ዲግሪ አካባቢ። በርዝመቱ ለመሰንጠቅ የተሰራ የቴብል ሶ (ዲስኩ ከጠረጴዛ ስር ብቅ የሚል መጋዝ) ዲስክ ግን ጥርሱ ጥቂት ነው፣ 24 ወይ 30፣ ዝንባሌውም 20 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፣ እንደዛ አይነቱን እዚ ማሽን ላይ ስትገጥመው እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ እየነከሰ ይጎትተዋል፣ ተንሸራታች ላይ ሲሆን ደግሞ ጭንቅላቱ ራሱ እንጨቱ ላይ እየወጣ ወዳንተ ይመጣል። ለንፁህ አቆራረጥ ባለ 10 ኢንቹ ላይ 60 ወይ 80 ጥርስ ያስፈልግሃል። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዙርም አንብብ፣ ማሽኑ ፕሌት ላይ ካለው ዙር መብለጥ አለበት። የመሃል ቀዳዳው ደግሞ በዘንጉ ልክ ይሁን፣ 15.88 አለ፣ 25.4 አለ፣ 30 ሚሊ አለ፣ ሰፍቶ የሚንገዋለልን ዲስክ በማጥበቅ ብቻ ይዘዋለሁ እንዳትል።

ዲስኩን አውልቀው፣ ለማየት ብቻ ቢሆንም አውልቀው። ጓንት አድርግ፣ ጓንት የሚፈቀደው እዚ ጋ ብቻ ነው፣ ማሽኑ ሲዞር ጓንት የለም፣ ጥርሱ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅህን አብሮ ነው የሚወስደው። በብዙዎቹ ማይተር ሶዎች የዲስኩ ብሎን የግራ ጥርስ ነው፣ ማለት ሌላ ብሎን በምታጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚላላው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው እየታገለ ጭራሽ ያጠብቀዋል፣ ከዛ ቁልፉ ይንሸራተትና እጁ ጥርስ ላይ ያርፋል። ሲወጣልህ ከዲስኩ ግራና ቀኝ ሆነው አጣብቀው የሚይዙትን ሁለት ክብ ብረቶች፣ ሮንዴላዎቹን፣ እያቸው። እመነኝ እዚ ጋ አንድ ነገር ታገኛለህ፣ የደረቀ ሙጫና ሰጋቱራ ተጋግሮበት። ከሮንዴላው ስር የገባች የወረቀት ያህል ቆሻሻ ዲስኩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ተባዝታ ነው የምትታየው፣ ዲስኩ እየተወዛወዘ ይዞራል፣ ውዝዋዜውን ደግሞ በየትኛውም ብሎን አታስተካክለውም። በጨርቅ ጥረገው፣ ካልለቀቀ በትንሽ አልኮል። መልሰህ ስትገጥም ዲስኩ ላይ ያለው ቀስት ሽፋኑ ላይ ካለው ቀስት ጋ አንድ አቅጣጫ ይይ፣ አንተ ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶች ወደ ታች ማየት አለባቸው።

ይሄ አቅጣጫ ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ቀሪው ሁሉ የሚመጣው ከዚ ነው። ዲስኩ ካንተ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታች ወደ ኋላ ወደ ፌንሱ ይሄዳል፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ፌንስ የምንለው ጣውላውን የምናስደግፍበትን የኋላ ግድግዳ ነው። እንግዲህ ዲስኩ እንጨቱን ወደ ታችና ወደ ኋላ እየገፋ ጠረጴዛውና ፌንሱ ላይ ራሱ ያስተኛልሃል ማለት ነው፣ እንጨቱ ሁለቱን በደንብ ከነካ ማሽኑ ካንተ ጋ ነው። ካልነካ፣ ከጀርባው ባዶ ቦታ ካለ፣ እዛ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው የሚገፋው።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ፌንሱን እይ። ቀጥ ያለ ነገር፣ ረጅም የብረት ማስመሪያ ወይ ቀጥ መሆኑን የምታውቀው ጣውላ፣ ከግራው ፌንስ እስከ ቀኙ ድረስ አስደግፍበት። ከኋላው ብርሃን ካሳለፈ ግራና ቀኙ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ይሄ ካልተስተካከለ ከግራ ስትቆርጥ 90 ከቀኝ ስትቆርጥ 89 ምናምን ይሆናል፣ ብሎን ብታዞር ብትውል አንዱን ስታቃና ሌላው ይጠማል። ያገለገለ ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ሌባ አለ፦ ጠረጴዛው እየዞረ ቀጭ ብሎ የሚገባባቸው ማረፊያዎች። 0፣ 15፣ 22.5፣ 31.6፣ 45 ላይ ናቸው (31.6 ለኮርኒስ ነው፣ 30 እንዳይመስልህ)። እነዛ ጎድጓዳዎች ውስጥ ሰጋቱራ እየተረገጠ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ምላሱ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ቀጭ ያለ ይመስልሃል እንጂ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቀጭን ካቻቪቴ ጫር ጫር አድርገህ አውጣው። አንድ ጊዜ እንዲሁ ያገለገለ ማሽን አምጥተው አስተካክልልን ብለውኝ ይሄን ብቻ ጠርጌ ነው የመለስኩላቸው፣ አንድ ብሎን አልነካሁም።

አሁን ስኳድራ። ስኳድራህ ራሱ ትክክል ነው? ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ኮምፔንሳቶ ላይ አስደግፈህ በቀጭን እርሳስ መስመር አስምር፣ ስኳድራውን ገልብጠህ እዛው ነጥብ ላይ ሌላ መስመር አስምር። ሁለቱ መስመሮች ላይ በላይ ከሆኑ ደህና ነው፣ እንደ መቀስ ከተከፈቱ ስኳድራውን ጣለው፣ በሱ ማሽን ማስተካከል ጠማማ ሰው መንገድ እንደመጠየቅ ነው።

ጠረጴዛውን 0 ማረፊያ ላይ አስገብተህ እጀታውን አጥብቅ። ጭንቅላቱን ወደ ታች አውርደህ በማቆሚያው ፒን ቆልፈው። የስኳድራውን አንድ ጎን ፌንሱ ላይ፣ ሌላውን የዲስኩ ገላ ላይ አስጠጋ። ገላ ነው ያልኩት፣ ጥርስ አይደለም። የካርባይዱ ጥርስ ከዲስኩ ብረት ግራና ቀኝ ወጣ ያለ ስለሆነ ስኳድራህ አንድ ጥርስ ከነካ ውሸት ነው የሚነግርህ፣ ዲስኩን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረህ ስኳድራው በጥርስና በጥርስ መሃል ባለው ክፍተት እንዲያልፍ አድርግ። ብዙ ሰው 'አስተካከልኩት ግን አሁንም ይጠማል' የሚለው በዚች ነው። እዛው እያለህ ስኳድራውን ሳታንቀሳቅስ ዲስኩን ሙሉ ዙር በእጅህ አዙረው፣ አንዴ ነክቶ አንዴ የሚርቅ ከሆነ ዲስኩ ጠሟል ወይ ሮንዴላው ገና አልጠራም።

ስኳድራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልነካ አሁን ብሎን መንካት ትችላለህ። ሁለት አይነት ማሽን አለ። አንደኛው ላይ ፌንሱ በብሎን ነው የታሰረው፣ ፌንሱን አላልተህ ስኳድራው ላይ አስጠግተህ መልሰህ ታስራለህ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ፌንሱ አይነካም፣ ከፊት ያለው የዲግሪ ፕሌት ነው በትናንሽ ብሎኖች የታሰረው፣ እሱን አላልተህ ጠረጴዛውን ከነፕሌቱ በጣም ትንሽ ታንቀሳቅሳለህ። የማሽንህ መመሪያ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል፣ ሁለቱንም አብረህ እንዳታላላ ብቻ፣ አንተ ያደረግከው ይሄን ይመስለኛል። ስታጠብቅ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቀህ ወደ ሌላው አትሂድ፣ ትንሽ ከዚ ትንሽ ከዛ እያልክ፣ በየመሃሉ በስኳድራ እያየህ፣ ብሎን ሲጠብቅ ፌንሱን ይዞት ይዞራል።

ስኳድራ እዚ ድረስ ነው የሚያደርስህ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው እንጨት ነው። ሁለቱ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ 15 ሳንቲ ያህል ስፋት ያለው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሰራ ሰሌዳ) ወይ ኮምፔንሳቶ ውሰድ፣ ፊቱ ላይ በእርሳስ ትልቅ ኤክስ አድርግበት። ጠፍጣፋውን አስተኝተህ መሃል ለመሃል ቁረጠው። ስፒናውን ንቀልና የግራውን ቁራጭ እንዳለ ተወው፣ የቀኙን ገልብጠው፣ ኤክሱ ወደ ታች፣ ፊት የነበረው ጠርዝ ወደ ፌንሱ እንዲሆን። ከዛ ሁለቱንም ፌንሱ ላይ አስደግፈህ የተቆረጠውን አፍ ለአፍ አጋጥመው። ማሽንህ ልክ 90 ከሆነ አፍ ለአፍ ይሳሳማሉ። ካልሆነ ከፌንሱ በኩል ወይ ካንተ በኩል ሽብልቅ የሚመስል ክፍተት ታያለህ፣ የክፍተቱ ግማሽ ነው ስህተትህ፣ ሲገለበጥ እጥፍ ስለሚሆን ዓይን የማያየውን ያሳይሃል። ለምሳሌ በ15 ሳንቲ ስፋት ላይ 1 ሚሊ ክፍተት ካየህ ስህተትህ ግማሽ ሚሊ ነው፣ በዲግሪ 0.2 ገደማ፣ ይሄን ደግሞ ማሽኑ ላይ ያለው የዲግሪ ቁጥር መቼም አያሳይህም። ትንሽ አንቀሳቅስ፣ እንደገና ቁረጥ፣ ክፍተቱ ከሰፋ በተቃራኒው ሂድ። ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚፈጅብህ።

ጭንቅላቱን ወደ ጎን በማጋደሉም በኩል እንደዛው ነው። ስኳድራውን ጠረጴዛው ላይ አቁመህ ወደ ዲስኩ ገላ አስጠጋ፣ መሃል ላይ ያለው ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ አቁመው፣ ፕላስቲኩ ዝቅ ወይ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ካልነካ ከኋላ ጭንቅላቱ የሚጋደልበት ቦታ አካባቢ ዳዶ ያለበት የማቆሚያ ብሎን አለ፣ ዳዶውን አላልተህ ብሎኑን ታዞራለህ። የማጋደያውን እጀታ እያጠበቅክ ለካ፣ ላልቶ የለካኸው ሲጠብቅ ይቀየራል። ሙከራው ያው መገልበጥ ነው፣ ግን አሁን ጣውላውን በጠርዙ አቁመህ ፌንሱ ላይ አስደግፈህ ቁረጠው፣ ቁመቱ ረዘም ሲል ስህተቱ ይጎላል። 45ቱንም እንዲሁ። ጭንቅላቱን ባጋደልክ ቁጥር ግን ሳትሰካ አንድ ጊዜ እስከ ታች አውርደህ አንሸራተህ እይ፣ የላይኛው ፌንስ ካልተገፋ ዲስኩ አሉሚኒየሙን ነው የሚቆርጠው፣ የብዙ ያገለገሉ ማሽኖች ፌንስ ላይ ያቺን ጠባሳ ታያታለህ። ሌዘሩን፣ የመቁረጫውን መስመር የሚያሳየውን መብራት፣ ከሁሉ በኋላ አስተካክለው፣ ካልፈለክም ተወው፣ እኔ የኔን ካጠፋሁት ቆየሁ።

አራተኛው ማዕዘንህ። ፍሬም አራት ማዕዘን ነው፣ ስምንት ቆረጣ። እያንዳንዱ ቆረጣ ሩብ ዲግሪ ቢሳሳት ስምንቱ ተደምሮ 2 ዲግሪ ነው፣ ሦስቱን በኮላና በእጅህ ጉልበት ስላስገደድካቸው ስህተቱ በሙሉ ተጠራቅሞ አራተኛው ላይ ይወጣል። 6 ሳንቲ ስፋት ባለው እንጨት ላይ 2 ዲግሪ ማለት ከ2 ሚሊ በላይ ክፍተት ነው። ግን ሁልጊዜ ማዕዘን አይደለም ጥፋቱ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም፦ ትይዩ የሆኑት ሁለት ጎኖች ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ 45ህ እንከን የሌለው ቢሆንም አይገጥምም። ብሎን ከመንካትህ በፊት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጋጥመህ ጫፋቸውን በጣትህ ዳብሰው፣ ጣት ከሜትር ይሻላል፣ ትንሽ ደረጃ ከተሰማህ ችግርህ ርዝመት ነው።

እኩል ርዝመት ለማውጣት ደግሞ ሁላችንም ስቶፕ እንገጥማለን፣ ጫፉን የሚያቆም ቁራጭ እንጨት ፌንሱ ላይ በክላምፕ አስረን። እዚ ጋ ነው የኔ ታሪክ የሚመጣው። ሥራ ስጀምር አጫጭር ቁራጮች በብዛት ቁረጥ ተባልኩ፣ ስቶፑን በቀኝ አሰርኩ፣ ጣውላውን ከግራ እየገፋሁ ስቶፑን እያስነካሁ እቆርጣለሁ፣ የምፈልገው ቁራጭ በስቶፑና በዲስኩ መሃል ይቀራል፣ የያዘው ሰው የለም። ሃያውን ሰላሳውን በሰላም ቆረጥኩ። ከዛ አንዷን ቆርጬ ዲስኩ ሳይቆም ጭንቅላቱን ሳነሳ ቁራጯ ትንሽ ዘወር አለችና ከስቶፑና ከዲስኩ መሃል ተቀረቀረች፣ ወደ ላይ የሚወጡት የኋላ ጥርሶች አነሷት፣ የሰማሁት የሽጉጥ የመሰለ ድምፅ ነው። የፕላስቲኩ ሽፋን ተሰነጠቀ፣ ዲስኩ ጠመመ፣ ቁራጯን እስካሁን አላገኘኋትም። እኔን ምንም አልነካኝም፣ ያ ደግሞ የኔ ችሎታ አይደለም።

ስለዚ ስቶፕ ሁልጊዜ በእጅህ ወይ በክላምፕ በያዝከው በኩል ይሁን፣ ሌላው ወገን ነፃ ሆኖ የሚርቅበት ቦታ ይኑረው። የግድ በማትይዘው በኩል ከሆነ አንዲት 2 ሳንቲ ውፍረት ያላት ቁራጭ አዘጋጅ፣ ስቶፑን በዛች ልክ አርቀህ እሰረው፣ ቁራጯን ስቶፑ ላይ አድርገህ ጣውላህን እስክትነካ ግፋ፣ ጣውላውን ያዝ፣ ቁራጯን አውጣት፣ ከዛ ቁረጥ። ርዝመቱ እኩል ይወጣል፣ ተቆርጦ የቀረውም የሚላወስበት 2 ሳንቲ ያገኛል።

ያንተ ግድግዳ የመታችው ግን ስቶፕ አልነበረባትም አልክ። እሷ ሌላ ናት። የግራና የቀኙ ፌንስ መሃል ላይ ሰፊ ክፍተት አለ፣ ከታችም ዲስኩ የሚገባበት ሰፊ ስንጥቅ አለ። የጣት ርዝመት ቁራጭ ልክ ስትቆረጥ ከኋላዋ ደጋፊ የላትም፣ ወደ ክፍተቱ ትዘነበላለች፣ እዛ ደግሞ ጥርሶቹ ወደ ላይ እየወጡ ነው፣ ይይዟትና ይጥሏታል። መድኃኒቱ ክፍተቱን መዝጋት ነው፦ ቀጭን ኤምዲኤፍ ከግራ ፌንስ እስከ ቀኝ ፌንስ ድረስ ፊታቸው ላይ ለጥፍ፣ ከታችም አንድ አስተኛ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ጊዜ ቁረጥባቸው። አሁን ክፍተቱ በዲስኩ ውፍረት ልክ ሆነ፣ ቁራጯ የምትገባበት የለም። እግረ መንገዱን ከታች የሚሰነጣጠቀው ጠርዝ ይጠፋልሃል፣ ዲስኩ የሚያርፍበትን ቦታም ከነውፍረቱ ስለሚያሳይ እርሳስህን ከሱ ጋ ነው የምታጋጥመው፣ ለዛ ነው ሌዘሬን ያጠፋሁት።

አቆራረጡ። ማሽኑ ባንኮ ላይ በብሎን ይታሰር፣ ተንሸራታች ጭንቅላት ወደ ፊት ሲጎተት ያልታሰረ ማሽን ወዳንተ ይሰግዳል። ረጅም ጣውላ ከሆነ ጫፉን በጠረጴዛው ቁመት ልክ ደግፈው፣ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቆረጣው ሊያልቅ ሲል እየወረደ ዲስኩን ይቆነጥጠዋል። የጎበጠ ጣውላ ከሆነ ሆዱ፣ ማለት ወደ ውጭ የወጣው ጎን፣ ወደ ፌንሱ ይዙር፣ ዲስኩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ፌንሱን እንዲነካ። ተገልብጦ ከተቀመጠ ጫፍና ጫፉ ብቻ ነክቶ መሃሉ ባዶ ነው፣ ሲቆረጥ ሁለቱ ወገን ወደ ኋላ ይወድቁና ዲስኩን መሃላቸው ይነክሱታል። በእያንዳንዱ ቆረጣ መሃል ፌንሱን በብሩሽ ጥረግ (ዲስኩ ሲቆም)። ቀልድ አይምሰልህ፣ ግማሽ ሚሊ የምትሆን ፍርፋሪ ከ20 ሳንቲ ጣውላ አንድ ጫፍ ጀርባ ከገባች 0.14 ዲግሪ ነው፣ ያን ሁሉ የደከምክበትን ማስተካከል በአንድ ፍርፋሪ መለስካት።

እጅ ከዲስኩ መንገድ በሁለቱም ወገን 15 ሳንቲ ይራቅ። በዓይን አትገምት፣ ጠረጴዛውና ፌንሱ ላይ በቀይ ማርከር አስምረው፣ ከመስመሩ ውስጥ እጅ አይገባም፣ ለመያዝ መግባት ካስፈለገህ ያ እንጨት የክላምፕ ነው ማለት ነው። እጅህን አታጣምር፣ በቀኝ ስዊች ይዘህ በግራህ ከዲስኩ ማዶ በቀኝ ያለውን እንጨት መያዝ አይሆንም። ሰፊ ጣውላ ስትቆርጥ ሞተሩ ሳይነሳ ጭንቅላቱን ወዳንተ ጎትት፣ ስዊቹን ጫን፣ ሙሉ ዙር እስኪይዝ ጠብቅ፣ ወደ ታች አውርድ፣ ከዛ ወደ ኋላ እየገፋህ ቁረጥ። ወደራስህ እየጎተትክ አትቁረጥ፣ ጥርሱ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ጭንቅላቱ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ወዳንተ ይዘላል። ጠባብ እንጨት ከሆነ መንሸራተቻውን ከኋላ ቆልፈህ ወደ ታች ብቻ አውርድ፣ ትክክለኛነቱም ይሻላል፣ ያገለገለ መንሸራተቻ ትንሽ ንቅናቄ አያጣም። ስትጨርስ ስዊቹን ልቀቅ፣ ጭንቅላቱን እዛው ታች ያዘው፣ ዲስኩ ፍፁም ሲቆም ነው የምታነሳው። ጥቂት ሰከንድ ናት፣ የኔን ሽፋን የሰነጠቀችውም ያንተን ግድግዳ የመታችውም በነዚያች ሰከንዶች ነው። ፍሬን ያለው ማሽን ሆኖ ለመቆም መዘግየት ከጀመረ የሞተሩን ካርቦኖች እይ፣ አልቀው ሊሆን ይችላል።

የታችኛው ሽፋን ጭንቅላቱ ሲነሳ ራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ሞላውን እይ፣ ሙጫውን ጥረግ። መስመሬን ከለከለኝ ብሎ በሽቦ ወደ ላይ የሚያስር ሰው ሞልቷል፣ ያንተ ሻጭም አስሮት ከነበረ ሽቦውን ዛሬ አውጣ። መነፅር ሁሌም፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ ለኤምዲኤፍ ደግሞ አቧራ የሚይዝ ማስክ፣ ከማሽኑ ጋ የመጣው ከረጢት አቧራውን ሁሉ አይዝም። እጅጌህን ጠቅልል። የብረት መቁረጫ የድንጋይ ዲስክ ደግሞ በፍፁም እንዳትገጥምበት፣ ብልጭታው ሰጋቱራ የሞላ ከረጢት ውስጥ ነው የሚገባው።

አሁን እንዲ አድርግ። ሮንዴላውንና ማረፊያዎቹን ጥረግ፣ ፌንሱን ቀጥ ባለ ነገር ፈትሽ፣ ኤምዲኤፉን ለጥፍ፣ ከዛ ያን ኤክስ ያለበትን ጣውላ ቆርጠህ ገልብጠህ አጋጥመው። ጣውላው ስንት ሳንቲ ስፋት እንደነበረው፣ ክፍተቱ ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ ከፌንሱ በኩል ይሁን ካንተ በኩል፣ ፌንስህ በብሎን የታሰረ ይሁን የዲግሪ ፕሌቱ፣ እነዚህን አራቱን ጻፍልኝ፣ የትኛውን ብሎን ወዴት እንደምታንቀሳቅስ እነግርሃለሁ። እስከዛ ግን ሌላ ብሎን አትንካ።